የታንኩ ተራ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከእናቴ ሆድ እየጠረጠርኩ የወጣሁ ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ኢንተርኔት ቤት አምስት ሆነን የኦንላይን ጌም ስንጫወት ታንክ መሆኔ እስካሁን ይገርመኛል። ታንክ ማለት ፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበለው ነው። ጭራቁን ተንኩሼ፣ አስቆጥቼ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ እንዳይነቅል አደርጋለሁ፤ እሱ እኔን ሲቀጠቅጥ ሌሎቹ ከጎንና ከኋላ ይወጉታል። እኔን በሕይወት የሚያቆየኝ ከኋላዬ ሆኖ ቁስሌን የሚፈውሰው ሂለር ነው። ያንን ሰው ከማመን ሌላ ምርጫ የለህም።

ሂለራችን ከይጁቤ የመጣ ዲያቆን ነበር፤ ስሙን ትተን ዲያቆን ነው የምንለው። ሲጫወት ድምፁ አይሰማም። ዝምተኛ ሰው ደግሞ እኔን ያስጨንቀኛል።

ጭራቅ ሲሞት የሚጥለውን ዕቃ የምንካፈለው በወንፈል ነበር። አምስታችንም የገበሬ ልጆች ስለሆንን ሌላ ደንብ አልታየንም። አገር ቤት ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታጨዳል፣ ነገ የሌላው፤ እኛም የዚህ ቅዳሜ ዕቃ ሁሉ ለአንዱ፣ የሚቀጥለው ለሌላው አልን። በዕጣ የመጨረሻው ተራ ለእኔ ደረሰኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ትልቁ ጭራቅ የሚጥለው ጋሻ። በአሮጌው ጋሻዬ ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ያን ጭራቅ ለእኔ ቀን አቆየነው።

በእነሱ ቅዳሜዎች ዲያቆን እጁ ፈጣን ነበር። ደሜ ጎደል ሲል ወዲያው ይሞላልኛል። የእኔ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ገና ከመጀመሪያው ሞትኩ። እሺ፣ ጭራቁ ከባድ ነው አልኩ። ደግመን ገባን፤ ፈውሱ የመጣው ከሞትኩ በኋላ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ቀስተኛችን፣ ያ ሁልጊዜ «መጀመሪያ አንተ ያዘው» የሚለው ጠንቃቃ ልጅ፣ ገና ሳልይዘው ወጋው። ጭራቁ ወደ እሱ ዞሮ ሁላችንንም ጨረሰን። ቀስተኛው ሳቀ። ከዚያ ከዲያቆን ጋር ሲጠቃቀሱ አየኋቸው።

ነገር አለ አልኩ በሆዴ። የራሳቸውን እህል ጎተራ አስገብተው የእኔን አዝመራ ለዝናብ ሊተዉት ነው። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ዲያቆን ወንበር ጋ ሄድኩ።

«ስማ፣ የምታስገድለኝ ምን በድዬህ ነው?»

ይምልልኛል ብዬ ነበር። አልማለም። «የባሕር ዳሮቹ ጠርተውሃል አሉ» አለኝ ስክሪኑን እያየ።

የባሕር ዳር ልጆች ትልቅ ቡድን ነበራቸው። እውነት ነው፣ ጥሩ ጋሻ ስታገኝ ና ብለውኛል። አልመጣም ብያቸው ነገሩን ረስቼዋለሁ።

«የአንተ ተራ ዛሬ ካለቀ ወንፈሉ ሞላ» አለ ዲያቆን። «ማንም የማንም ዕዳ የለበትም። ታዲያ ምን ያስቀርሃል?»

ለካ እኔ እነሱን ስጠረጥር እነሱም እኔን ሲጠረጥሩ ከርመዋል። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ከፋኝ።

«የትም አልሄድም» አልኩት።

«ይሁን» አለ። አላመነኝም፤ ከድምፁ ያስታውቃል። አፍሮ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ቀድሞው ፈወሰኝ። እኔም ጭራቁን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት፤ ቀስተኛውም ጠብቆ ወጋ። ጭራቁ ወደቀ። ጋሻውን አነሣሁት።

ማንም እንኳን ደስ አለህ አላለኝም። አራቱም ከስክሪናቸው ቀና ብለው ያዩኛል። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። አገር ቤት በወንፈል ቀን ጠላ የሚያቀርበው ባለ ማሳው ነው፤ ለእኛ ደግሞ ለስላሳ ይበቃናል ብዬ ወደ ሱቅ ወጣሁ።

ስመለስ አራቱም በየስክሪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። የእኔን ስክሪን አየሁ። ከቡድኑ አስወጥተውኛል።

«ሳትቀድመን ብለን ነው» አለ ዲያቆን፣ ቀና ሳይል።

አምስት ለስላሳ አቅፌ ቆሜያለሁ። የባሕር ዳሮቹ እኔ እንቢ ካልኳቸው በኋላ ሌላ ታንክ ይዘዋል።