ቁልቁለት የማትወድ ብስክሌት

ደባርቅ የሒሳብ መምህር ነኝ። ስለ ማዕዘን ሳስተምር ኖሬ የጣለኝም ማዕዘን ነው።

አንድ አስጎብኚ እንግዶቹን በብስክሌት እየመራ ሊማሊሞን የሚያወርድለት ሰው ይፈልግ ነበር። ቅዳሜን ከጠመኔ ርቆ መዋል እንዴት እንደናፈቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ያገለገለች የተራራ ብስክሌት ገዛሁ፤ ኮርቻዋ ከፍ፣ መሪዋ ራቅና ዝቅ ያለ፣ የፊት ጎማዋን የያዘው ሹካ ቀጥ ብሎ የቆመ። ስጋልባት የወደቀ መርፌ የምፈልግ እመስላለሁ። በሜዳው ግን እስከ ዳባት በረረችልኝ፤ ልቤም አበጠ።

እንግዶችን በበቅሎ ተራራው ላይ እስካለው የሳንቃ በር ካምፕ የሚያደርሱት አጎቴ ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

"ይቺ ለዳገት የተፈጠረች ናት። ሸክምህ ሁሉ አንገቷ ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ በአፍ ጢምህ ትደፋሃለች" አሉኝ።

"አጎቴ፣ ይሄ እኮ ጂኦሜትሪ ነው። አንቱ የሚያውቁት በቅሎ ነው" አልኳቸው። ይባስ ብዬ ከትምህርት ቤት ትልቁን ፕሮትራክተር አምጥቼ የሹካውን ማዕዘን ለካሁላቸው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል።

አስጎብኚው ሊፈትነኝ በቀጠረኝ ቀን፣ እሱ በመኪና እየተከተለኝ ሊማሊሞን ወረድን። ጠጠር ባገኘን ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይዘላል፤ ፈርቼ አጥብቄ ስይዘው ይብስበታል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አንድ ቄስ ጥላ ይዘው ሽቅብ ሲመጡ አየሁ። በእኛ አገር ካህን እያየ ከበቅሎው የማይወርድ ባለጌ ነው። እጄ ሳያማክረኝ የፊቱን ፍሬን ጨመቀው። ክብደቴ ሁሉ ፊት ነበርና የኋላ ጎማዋ ተነሣ፤ እኔም በመሪው ላይ አልፌ እግራቸው ሥር በግንባሬ ተደፋሁ።

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። "እግዜር ይባርክህ ልጄ። እንዲህ ያለ ስግደት በሁዳዴም አላየሁ" አሉ።

አስጎብኚው ሳቁን እንደምንም ጨርሶ፣ እንግዶቹ በደህና ወደ አገራቸው መመለስ እንዳለባቸው በትሕትና ነገረኝ። አፈርኩ፤ ከግንባሬ ይልቅ ያመመኝ ያ ትሕትናው ነበር።

አጎቴ "ብዬህ ነበር" አላሉኝም። "ቅዳሜ ሰው ያንሰኛል" ብቻ አሉ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግዳ በቅሎ እየሳብኩ በእግሬ ቁልቁለት እወርዳለሁ። መንገዱ ሲያዘቀዝቅ እንግዶቹን "ወደ ኋላ ሸሸት ብላችሁ ተቀመጡ" እላቸዋለሁ። ማዕዘኑን አልነግራቸውም።