ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ያለው ክፍል

ባለፈው ሳምንት አሥረኛ ክፍል የጨረሰው ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «ክረምቱን በምን ቁም ነገር ልታሳልፍ አስበሃል?» ይላል። ልጄ ብዙም ሳይጨነቅ «ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አነባለሁ» ብሎ ሞላና እንድፈርምለት አቀበለኝ። ሳላስበው «ማን ከፍቶልህ?» አልኩት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ልጁ «እማዬ?» ብሎ ግራ ገብቶት አየኝ። አይፈረድበትም፤ የተናደድኩት በእሱ አልነበረም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ የምንኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር። ዘይነብ የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ዘጠነኛን ጨርሰን ክረምት ሲገባ፣ ባምቢስ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው አባቷ ቁርጡን ነገሯት። ክረምቱን የምታሳልፍበት ቁም ነገር ካላት ታሳያቸው፣ ከሌላት ሱቅ ትግባ። ሱቅ የገባች ልጅ ወደ ትምህርት እንደማትመለስ ደግሞ ከሁለት ታላላቅ እህቶቿ አይታለች። ስለዚህ ቁም ነገር ፍለጋ ተያይዘን ወጣን።

ቁም ነገሩ ሩቅ አልነበረም። ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ መጽሐፍ የሞላበት ክፍል አለ። አቧራ በጠገበው መስኮት ላይ ግንባራችንን ለጥፈን ስናይ መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ድረስ ይታዩናል። ቁልፉን የሚይዙት ጋሼ ጌታነህ የሚባሉ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ።

እሳቸውን ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ጠዋት ስንሄድ ስብሰባ ናቸው፣ ከሰዓት ስንሄድ ለሥራ ካዛንቺስ ወጥተዋል። አንድ ቀን እዚያው ካዛንቺስ ድረስ በዝናብ ሄድንባቸው። ጎርፉ ጫማችን ውስጥ እየገባ፣ ከመንገድ ዳር የገዛናትን አንዲት ጥብስ በቆሎ ለሁለት ሰብረን እየፈለፈልን ነበር የተጓዝነው። ከአንድ ሻይ ቤት ሲወጡ አገኘናቸው። የወላጅ ደብዳቤ አምጡ አሉን፤ አመጣን። ማኅተም ይኑረው አሉ፤ ማኅተም የሚይዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነበር። እምቢ የሚልን ሰው ትቶ መሄድ ይቻላል። ዕድሜ የሚበላው «ነገ ተመለሱ» የሚለው ነው። ሐምሌ እንዲሁ አለቀ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰለቸናቸው መሰለኝ፣ እውነቱን አወጡት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ክፍሉን ሲረከቡ ሳይቆጥሩ ፈርመዋል። ዛሬ ከፍተውልን ነገ አንድ መጽሐፍ ጎደለ ቢባል ተጠያቂው እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ እኛ እንቁጠርልዎት፣ ጋሼ» አለች ዘይነብ።

ፊታቸው በራ። በማግስቱ በሩ ተከፈተ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆጠርን። እሷ መጽሐፉን እያወረደች፣ አቧራውን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ርእሱንና ደራሲውን ትነግረኛለች፤ እኔ መስመር ባለው ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ክፍሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አልፎ አልፎ ዘይነብ ዝም ትላለች። ቀና ስል አንድ ገጽ ገልጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አገኛታለሁ። «በቃ ቆጥረን እንጨርስና እናነባለን» እላታለሁ። ጊዜው ሁሉ የእኛ ይመስለኝ ነበር። አባቷም ቤተ መጻሕፍት እንደምንውል ሰምተው ዝም ብለዋታል።

የመጨረሻውን ገጽ ያስረከብናቸው ጳጉሜን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ጋሼ ጌታነህ ዝርዝሩን አገላብጠው አዩ፣ የእጅ ጽሑፌን አደነቁ፣ ፈረሙበት። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«ተባረኩ ልጆቼ። አሁን ንብረቱ ታወቀ» አሉ ትልቅ እፎይታ እየተነፈሱ። «ከእንግዲህ ያለ በላይ አካል ፈቃድ አይከፈትም።»

ዘይነብ ደፉ ላይ ቆመች። «አልወጣም» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ሳላነብ አልወጣም።»

 ጋሼ ጌታነህ ቁልፉን የያዘ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ አይቻለሁ። ትንሽ ብንቆይ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን ደነገጥኩ። «ተይ ዘይነብ፣ ነውር ነው» ብዬ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ወጣች። በሩ ተቆለፈ። 

አባቷ ክረምቱን ምን እንዳነበበች ሲጠይቋት የምትነግራቸው ርእስ ብቻ ነበር። መስከረም ላይ እኔ አሥረኛ ክፍል ገባሁ፣ እሷ ሱቅ ገባች። ጥቂት ወር የማታ ተምራ እሱንም ተወችው።

ቀበሌው ከፈረሰ ቆይቷል። መጻሕፍቱ የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሱቁ ዛሬ የዘይነብ ነው፤ ጥሩ ትሠራለች፣ ልጆቿንም አስተምራለች። በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ ብዬ እጠይቃታለሁ። ስለዚያ ቀን አንስቼ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር፣ ጨርቅ መለካቷን ሳታቋርጥ «ምን ታደርጊ፣ ልጅ ነበርሽ» ትለኛለች።

ይህን የምትለው ልታጽናናኝ ነው። እኔን ግን ይብስ ያንገበግበኛል። ዘይነብ ከእኔ በሰባት ወር ታንሳለች።