ሽማግሌ ይዞ የመጣው ሚዜዬ

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ፣ አንድ ሰው ደውሎ ውሸት ነው ይበለኝ።

ጉሌድ ሞተ አሉኝ። ጅግጅጋ ሞባይል የሚጠግነው ጉሌድ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ትናንት በቪዲዮ ደውሎ "መላጣ ሆንክ እኮ!" እያለ ሲስቅብኝ የነበረው። ወንድሙ ነው ጠዋት የደወለልኝ። ልቡ በድንገት ቆመ አለኝ። ቀብሩ ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው፣ ፍጠን።

ከምኖርበት ከኤረር ወዲያው ተነሳሁ። ባቢሌን አለፍ እንዳልን ሚኒባሱ ተበላሽቶ ቀጥ አለ። ይሄን የምጽፍላችሁ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ዙሁር አለፈ። ወንድሜን እኔ ሳልኖር ቀበሩት።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ያቀድኩት ነገር ዝንፍ ሲል ደሜ ነው የሚፈላው። እሱ ተቃራኒዬ ነበር። መብራት ይጥፋ፣ መኪና ይቁም፣ እጁን እያፋተገ "ተበላሸ? በቃ፣ አሁን ገና ተጀመረ!" ነው የሚለው። ስንቴ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

የሰርጌን ልንገራችሁ። ሙሽራዬ ኤረር ናት፣ እኛ ከጅግጅጋ ነው የምንሄደው። አንደኛ ሚዜዬ ጉሌድ ነበር፤ በዕድሜው የክርስቲያን ሰርግ አይቶ አያውቅም። ድሬዳዋን እንዳለፍን መኪናችን ተበላሸ። እኔ በሙሽራ ሱፌ አቧራ ላይ ተቀምጬ ላለቅስ ደርሻለሁ፣ እሱ "አሁን ገና ተጀመረ!" ብሎ ሚዜዎቹን በሶማሊኛ ያስጨፍራል። ስንደርስ ምሳው ቀዝቅዟል።

እንደ ወጉ የሙሽራዋ ዘመዶች በሩን ዘግተው "አናስገባም!" አሉ። እየጨፈሩ እኮ ነው የሚሉት! ጉሌድ ግን ክው አለ። "ዳዊት፣ እውነታቸውን ነው፣ በጣም አርፍደናል" አለኝና እብስ።

በሩ ላይ እየተገፋፋን ሚዜው የለም። ኧረ የት ገባ ስንል፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ሽርጥ ያሸረጡ ሁለት አዛውንቶች ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ከመስጊድ ደጅ ለምኖ ያመጣቸው ሽማግሌዎች! አንደኛው በትራቸውን ተደግፈው "ልጁን መንገድ ነው ያዘገየው፣ ስለ እኛ ብላችሁ ይቅር በሉት" አሉ።

ከዚያ አማቴ በሳቅ ፈነዱ፤ እንባቸው እስኪወርድ። "ለእናንተማ እንዴት አልከፍትም!" ብለው በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ሽማግሌዎቹንም ከሙሽሮች አጠገብ አስቀመጧቸው። እነሱም በሶማሊኛ ረጅም ምርቃት መረቁን። ወጉ ጨዋታ መሆኑን ሲነግሩት ጉሌድ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ "ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩኝም?" እያለ ይስቃል። እኔና ሚስቴ ስለ ሰርጋችን ስናወራ የምናወራው ያንን ብቻ ነው።

ቅድም ሳለቅስ አንዲት ተሳፋሪ እናት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። "ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?" አሉኝ። ወንድሜ አልኳቸው። "ስሙስ?" ጉሌድ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩት። ተሳፋሪውን ጠሩና ሁሉም እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት፤ ሾፌሩም ቅባት በቅባት በሆነ እጁ። አንድም ሰው አያውቀውም። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

ጉሌድዬ፣ ብታየን እንዴት ደስ ይልህ ነበር! መኪናው ባይበላሽ ይሄ ሁሉ ሰው አይመርቅህም ነበር። ግን ምን ያደርግልኛል? እኔ የፈለግኩት አንድ እፍኝ አፈር ላለብስህ ነበር።

ዛሬም አረፈድኩ፣ ዋላሌ፣ ወንድሜ። ያኔ በር ሲዘጋብኝ ሮጠህ ሽማግሌ አመጣህልኝ። አሁን አንተ ጋ ማንን ልላክ? ማን ነው የሚከፍትልኝ?

ደህና ግባ፣ ሚዜዬ። አንተን በር ላይ አያቁሙህ።