ከዱባይ ወረታ

እናታችን በጠና ስትታመም ዱባይ ሰው ቤት ለምትሠራው ታናሽ እህቴ ደወልሁላት። አሠሪዎቿ ስንት ከለመነቻቸው በኋላ ፈቃድ ሰጧት።

እናቴ ልጇ እየመጣች መሆኑን ስትሰማ “አገሩ ምን ያህል ይርቃል?” አለችኝ።

ስልኬን ከፍቼ አየሁና፣ “እስከ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል ነው የሚበረው። ከዚያ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው” አልኋት።

“ይኸን ያህል ቅርብ ኖሯል?” አለች። ቆይታ ግን፣ “ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት ምን ያዛት?” አለች።

እህቴ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳ ስትደውል ገና ጠዋት ነበር። ስልኩን ከእናቴ ጆሮ አስጠጋሁት። “መጣሁልሽ እማ፤ ምሳ አብረን ነን” ስትላት እናቴ ፈገግ አለች። በሩ እንዲታያት ትራሷን ከፍ አደረግሁላት። ከባሕር ዳር እኛ ጋ፣ ወረታ፣ በደህናው ጊዜ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ የሚቆመው ነው እንጂ የሚያሰለች መንገዱስ ቅርብ ነው።

የዚያን ዕለት ግን መሐል መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት አካባቢ ተኩስ ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። እህቴ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከመንገድ ተመለሰ። በማግስቱም ሞክራ መለሷት። “ሻንጣዬን ጥዬ በማሳው በእግሬ ልምጣ” ስትለኝ የከለከልኋት እኔው ነኝ። ከሩዝ ማሳ መሐል ተመትተው የተገኙ ሰዎችን ቀብረን ነበርና ፈራሁ።

እናቴ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር “እሷ ናት?” ትላለች። አባታችን ከደጅ ተቀምጦ ወደ ዋናው መንገድ ያያል። “እየመጣች ነው እማ” ስላት “አታባብይኝ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። ጎሕ ሲቀድ ዐረፈች።

የንስሐ አባቷን ለመንኋቸው። “አባ፣ እስከ ነገ ብናቆያትስ? ልጇ እኮ ባሕር ዳር ናት።”

“መንገዱ ነገ እንደሚከፈት ማን ነገረሽ ልጄ?” አሉኝ። እሳቸውም አዝነው ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ቀበርናት።

መንገዱ ተከፍቶ እህቴ የደረሰች በሠልስቱ ቀን ነው። ከድንኳኑ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንድ የአባታችን ዘመድ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሊያጽናኗት ብለው፣ “ዘመኑስ ደግ ነው። ከዓረብ አገር ለሠልስት መድረስ በእኛ ጊዜ የት ነበረ?” አሏት።

“ለሠልስት አልነበረም የመጣሁት፣ አባባ” አለቻቸው።

አርባው ሳይደርስ ፈቃዷ አለቀ። እስከ ባሕር ዳር ሸኘኋት። ሐሙሲት ላይ ሰዉ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ተቀምጦ ያወጋል፤ ምንም ያልሆነ ይመስላል። እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አንዴም ወደ ውጭ ሳታይ አለፍን።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስንሰናበት፣ “ከእንግዲህ ሰው ቢታመም አትንገሪኝ። ሲሞት ንገሪኝ” አለችኝ።

ዘንድሮ አባታችን ታሞ ከተኛ ሰነበተ። እህቴ ስትደውል ስለ ሩዙ አጨዳ ትጠይቀኛለች፤ ደህና ነው እላታለሁ።