ከወረቀቱ አናት ላይ የሚጻፍ ስም

ስብከት የተማርኩት ከሁለት ወገን ነው፤ አንዱ የሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህር፣ ሌላው ስልኬ። ለረጅም ጊዜ ይበልጥ የሰማሁት ስልኬን ነበር። ታዋቂ ሰባክያን ድምፃቸውን የት ከፍ እንደሚያደርጉ፣ እጃቸውን መቼ እንደሚዘረጉ፣ ሕዝቡን «እልል በሉ» የሚሉት የቱ ጋ እንደሆነ አጥንቼ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በእግሬ እየሄድኩ እለማመድ ነበር። ብቻዬን ስጮህ አይተው መንገድ የሚለቁልኝ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ጸጋ የበዛልኝ ይመስለኝ ነበር።

መምህሬ አንድ ልማድ ነበራቸው። የስብከት ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ ከአናቱ ላይ የአንድ ሰው ስም ካልተጻፈበት አያነቡትም። «ይሄን ለማን ነው የምትነግረው?» ይሉኛል። እኔ ሁልጊዜ «ለምእመናን» ብዬ ነበር የምጽፈው። «ምእመናን የሚባል ሰው አላውቅም፤ የት ሰፈር ነው?» ብለው ይመልሱልኛል። እናደድ ነበር። በልቤ ቀንተውብኝ ነው እል ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሞቱ። የመዘምራንን ልብስ ሁሉ የሰፉልን እሳቸው ናቸው። በቀብሩ ማግስት መምህሬ ጠርተው «ለቅሶ ቤት ሄደህ ታጽናናለህ» አሉኝ። የመጀመሪያዬ ነበር። የሟች ባለቤት እንደ እናት የማያቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከቀብር ወዲህ እህል አልቀመሱም፣ አላለቀሱም፣ ቃልም አልወጣቸውም ተባለ። በኔ አፍ ቢጽናኑልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ከዚያ በላይ የፈለግኩት ነገር አልነበረም። ስለ ትንሣኤ ሰባት ጥቅስ አዘጋጅቼ፣ ከአናቱ «ለምእመናን» ብዬ ጽፌ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቆምኩ።

አጀማመሬ ደህና ነበር። እየቆየ ሞቅ አለኝ። ሦስተኛው ጥቅስ ላይ እጄን ዘረጋሁና እንደለመድኩት «እስቲ እልል በሉ!» አልኩ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ! ሁለት ሴቶች ልማድ ሆኖባቸው ጀመሩና አፋቸውን በነጠላ አፈኑ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላ የተቀመጡት መምህሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቴ ቀና አሉ። «ልጄ» አሉኝ በሰለለ ድምፅ፣ «አንተ እሱን ታውቀው የለ? ስለሱ ንገረኝ እንጂ።»

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ፍራሻቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የመዘምራን ልብሴን ሲሰፉልኝ ጠርዙን አራት ጣት አጥፈው እንደተውልኝ፣ «ቁመትህ ገና ነው፣ ትፈታዋለህ» እንዳሉኝ፣ ሁለቴ ፈትቼው እስካሁን እንደምለብሰው ነገርኳቸው። ከዚያ ወረቀቴ ላይ ያልነበረ ታሪክ ትዝ ብሎኝ ነገርኳቸው፤ በሐዋርያት ዘመን ልብስ ትሰፋ የነበረች ሴት ስትሞት፣ መበለቶች የሰፋችላቸውን እያሳዩ እንዳለቀሱላት፣ እግዚአብሔርም ከሞት እንዳስነሳት። «እሷን ያልረሳ አምላክ እሳቸውንም አይረሳም፣ እማማ» አልኩ። ድምፄ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም ነበር።

እማማ አለቀሱ። ድንኳኑ ሙሉ አብሮ አለቀሰ። ሲወጣላቸው የቀረበላቸውን ውሃ ተቀብለው ጠጡና፣ ማንም ሳይቀድማቸው «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አሉ።

ውጭ ስንወጣ ቁጣ ጠበቅኩ። መምህሬ ወረቀቱን ተቀብለውኝ «ለምእመናን» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዘው መልሰው ሰጡኝ። መምህሬንም እማማንም ሳመሰግን እኖራለሁ። ያን ቀን አንዳቸው ቢያሳፍሩኝ ኖሮ ዳግመኛ ሰው ፊት አልቆምም ነበር።

አሁን እሰብካለሁ። እማማ እሑድ እሑድ ግድግዳውን ተደግፈው ያዳምጡኛል። ከወረቀቴ አናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የእሳቸው ስም ነው፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ለሕዝቡ የምሰብክ ይመስላቸዋል።