የአሮጊቷ ዓይን ሞራ

ባሌ መኪናውን «አሮጊቷ» ነው የሚላት። እኔን ግን እስከ ዛሬ በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም፤ ዕድሜ ለዓይኑ።

የዳቦ ቤት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ትኩስ ዳቦ ይጭንና ለየሱቁ ሲያዳርስ ያረፍድ ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ የሰፈሩ ሰው «ሹፌሩ» ማለቱን አልተወም። እሱም ስሙን እንዳይቀሙት የፈራ ይመስል አሮጊቷን ገዛ። እኔን ገበያ ያደርሰኛል፣ እህቴ ጋ ይወስደኛል፤ የሚወስደው ሰው ሲያጣ ደግሞ ራሱን ይወስዳል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከእህቴ ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር የቆመ ጋሪ ልንገጭ ለጥቂት ተረፍን። «ፍሬን ያዝ!» ብዬ ባልጮህ ኖሮ ጋሪውን ይዘነው እንገባ ነበር። ወረደና ጋሪውን ትቶ የአሮጊቷን የፊት መብራቶች ጎንበስ ብሎ ይደባብስ ጀመር። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል፤ አልዋሽም።

«አየሽ? ጥፋቱ የሷ ነው» አለኝ።

እኔ ግን ነገሩ ከገባኝ ሰንብቷል። ሻይ ከብርጭቆው ውጪ ሲቀዳ አይቻለሁ። ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ልጅ ወንድሜ መስሎት አቅፎ ሲስመው አይቻለሁ፤ ልጁም ጨዋ ስለሆነ ዝም ብሎ ተሳመ። «ዓይንህን ታየው» ስለው «ሳላይ ቀርቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ይምላል። ግንባር ሊሆን ጥቂት በቀረው ዓይን!

ከጋሪው በኋላ ቁልፉን ደበቅኩት። ደበቅኩት ማለቱ እንኳ ይከብዳል፤ ነጭ ክር አሰርኩበትና በሩ አጠገብ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። መሳቢያ ይከፍታል፣ ትራስ ያነሳል፣ ኪሱን ይገለብጣል፤ በሚስማሩ አጠገብ ሲያልፍ ትከሻው ሊነካው ምንም አይቀረውም። መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቁልፉ አንድ ቀን መገኘቱ አይቀርም፤ ያን ቀን የሰው ልጅ ገጭቶ ይመጣል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

«ቁልፉ እስኪገኝ መብራቷን ልሥራ» አለና ጎረቤታችንን ጠራ። ጎረቤታችን የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። መብራቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዓይኗ ሞራ ለብሷል። መገፈፍ ነው ያለበት» አለ። የሙያቸው ቋንቋ ነው። ባሌ ቃሉን ወደደውና ለመጣው ሁሉ «የአሮጊቷን ሞራ እየገፈፍኩ ነው» ይል ጀመር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

መጀመሪያ የተጎዳው የእኔ ጥርስ ነው። ጠዋት ብነሳ የጥርስ ሳሙናዬ እንደ ወረቀት ተጣጥፎ አገኘሁት፤ ግቢያችን የታጠበ አፍ ይሸታል። በሳሙናው የታሸው መብራት ጠራ፣ ጥቂት ዝናብ ሲመታው መልሶ ደፈረሰ።

ያኔ ቀለም ቀቢው በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት አመጣለት፤ ከሻካራው እስከ ለስላሳው። ባሌ የኮፈኑ ቀለም እንዳይጫር የመብራቱን ዙሪያ በፕላስተር ሸፈነ፣ ውሃ አርከፈከፈ፣ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈገፍግ ጀመር። መብራቱ ጭራሽ ወተት መሰለ። እኔ «ገደልካት!» ብዬ ስጮህ እሱ ዞር እንኳ አላለም።

«መጀመሪያ ይብስበታል፣ ከዚያ ይጠራል» አለኝ።

በለስላሳው ደገመው። ፖሊሽ ቀባና በእኔ የሌሊት ልብስ ወለወለው፤ ሳያስፈቅደኝ ነው የቀደደው፣ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገራለን። የግራው አልቆ የቀኙ ሳይነካ ሰፈሩን ጠርቶ አስተያየ። እውነቱን ለመናገር የግራው እንደ ውሃ ጠርቷል። ዓይኑ ባያይ ጣቶቹ ያያሉ፤ ሸካራ ቦታ በነኩ ቁጥር ተመልሰው ያለሰልሱ ነበር። ኮራሁበት፤ አልነገርኩትም እንጂ።

ሁለቱም ሲያልቁ አመሻሽ ላይ አበራቸው። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ቦግ ከማለቱ የተነሳ አንዲት ጎረቤት መጋረጃዋን ዘጋች። ባሌ አንገቱን አስግጎ ቆየና «ገና ነው። አልጠራም» አለ።

ቀለም ቀቢውና እኔ ተያየን። በነጋታው ባሌ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደገና አነሳ። ከዚያም በነጋታው። «እትዬ፣ በዚሁ ከቀጠለ አምፖሉ ጋ ሊደርስ ነው» አለኝ ቀለም ቀቢው በጆሮዬ። እኔም ሹልክ ብዬ ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄድኩና አስመዘገብኩት። የራሴን ስልክ ቁጥር ሰጠሁ።

ሲደወል ግን ስልኬ ቤት ውስጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ግቢ ልብስ እያሰጣሁ። እሱ አነሳው። የስልኩን ቁልፎች ስለማይለያቸው ሁሌም ድምፁን ለሰፈሩ ይለቀዋል፣ በመስኮት ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«ሞራ ለማስገፈፍ ያስመዘገቡት እርስዎ ኖት?» አለች የክሊኒኩ ልጅ።

«አዎ ልጄ! ቀለም ቀቢው ነው የላከሽ?»

«ባለቤትዎ ናቸው ያስመዘገቡት። የቀኙ ነው የግራው?»

«ሁለቱም። የግራው ይሻላል፣ እሱን ደህና አድርጌ ፈግፍጌዋለሁ።»

«ምን አደረጉት?»

«በጥርስ ሳሙና ጀመርኩ፤ አልበረከተም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት።»

«አባባ… ዓይንዎን?»

«ታዲያስ! ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኜ ነዋ፣ ሞኝ መሰልኩሽ? ውሃ እያርከፈከፍኩ፣ በሻካራው ጀምሬ በለስላሳው ጨረስኩ።»

«እግዚኦ! አባባ፣ በቃ እንዳይነኩት! ያምዎታል?»

«ማንን? አሮጊቷን?»

እኔ እርጥብ አንሶላ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ እንባዬ ይፈሳል።

«አባባ፣ ይሄ የዓይን ክሊኒክ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «የሰው ዓይን።»

አንሶላውን ገመዱ ላይ ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ስገባ ስልኩን ለማስቀመጥ ጠረጴዛውን በእጁ እየፈለገ ነበር። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

«አንቺ፣ መብራቷ ጠርቶ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«እንደ ውሃ።»

«መቼ?»

«ገና በመጀመሪያው ቀን።»

ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠ። «ፈርቼ ነው» አለ። «መሪውን ከለቀቅኩ ምን ሊሉኝ ነው?»

«አትስጋ፣ ይሄ ሰፈር ስም ለማውጣት አይሰንፍም» አልኩት። ሳቀ። ቆይቶም «ሐኪሞቹም በሻካራው ነው የሚጀምሩት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የእውነቱን ነበር።

ክሊኒኩ አንዱን ዓይን አስቀድሞ፣ ሌላውን ሰንበት ብሎ ነው የሚሠራው። በቀጠሮው ቀን ስንሄድ ልጅቷ በድምፁ አወቀችውና «ዛሬ ፕላስተሩን እኛ እንለጥፋለን» አለችው። በነጋታው ሲፈታለት ያ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነገሩ ሁሉ ተድበሰበሰበት። ሐኪሙ ሊያጽናናው አፉን ሲከፍት እሱ ቀደመው፤ «አውቃለሁ፣ መጀመሪያ ይብስበታል።»

ስንመለስ አሮጊቷ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። «እኔ ነኝ የሠራሁት?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀጥሎ ሌላውን።

«ባልተሠራው ሙሽራ ነሽ» አለ። «በተሠራው…»

«በል እንጂ!»

«ስም አላወጣም።»

እየሳቅን ገባን። በሩ ላይ ሳቁ ቆመ። እጁን ዘረጋና ምንም ሳይዳብስ ቁልፉን ከሚስማሩ አነሳ።

«እዚህ ነበር?»

«እዚያው ነበር» አልኩ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ነጩን ክር በጣቱ ላይ ጠምዝዞ ፈታው። ልክ ነው ቢቆጣ፤ እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ግን ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

«የቀረው እስኪገፈፍ እዚሁ ይዋል» አለኝ። «አንድ መብራት ብቻ ያላት መኪና ትራፊክ ያስቆማታል።»