የወፍጮ ቤቱ እርግቦች

እርግብ የዋህ ናት የሚል ሰው ወፍጮ ቤት ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። እኔ በጃንሆይ ዘመን እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ላይ ተቀጥሬ ስሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእርግብ ጋር ተጣልቼ ኖሬአለሁ። ዛሬም ጣሪያ ላይ ስታጉረመርም ስሰማ ደሜ ይፈላል። እውነቱን ለመናገር ግን ንዴቴ በእርግቧ አልነበረም።

ወፍጮ ቤቱ የአንድ ነጋዴ ነበር። ዳኝነትም ስለነበራቸው ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያነጋግራቸው። እስከ ዛሬ አንቱ የምላቸው አፌ ስለለመደ እንጂ ከልቤ አይደለም። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ በሁለቱ መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት አለ። እርግቦቹ የሚገቡት በዚያ ነው። ክፍተቱን በጭቃ ብደፍነው ሞተሩ ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጥና ጭቃው ተፈርፍሮ ይወድቃል። እሾህ ብሰገስግበት እሾሁ ላይ ጎጆ ሠሩበት። የቡሄ ጅራፍ አውጥቼ ባጮህ አንድ ቀን ሸሹ፤ በማግስቱ ተደርድረው ቁጭ ብለው ያዩኝ ጀመር። አሮጌ ካፖርት እንጨት ላይ አልብሼ ባቆም ትከሻው ላይ አረፉበት። ገድዬ እንዳልገላገል ደግሞ እርግብ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ናትና አትገደልም። ድንጋይ ሳነሳ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ቢያዩኝ እህላቸውን ይዘው በሄዱ ነበር።

የሚያስፈልገኝ ከወፍጮው አፍ በላይ የምዘረጋው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ነጋዴው ግቢ ውስጥ ሦስት አዲስ ቆርቆሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሄጄ ለመንኳቸው።

«ጌታዬ፣ አንዱን ይስጡኝ። ልክ ከወፍጮው አፍ በላይ ያለው እንጨት ላይ እንቁላል ጥለዋል። በጾሙ ቢወድቅስ?»

«እሱ የበቅሎዬ ቤት ክዳን ነው» አሉኝ። «እርግብ ደግሞ በረከት ናት። ተዋት።»

ስስታቸውን በመንፈስ ቅዱስ ሲሸፍኑት አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። የበቅሎዋ ቤት በሳምንቱ ተከደነ።

በጾሙ እኩሌታ፣ ሐሙስ ቀን፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አንድ ስልቻ ስንዴ አዝላ መጣች። የባሏ አርባ ቅዳሜ ነው። ስንዴውን ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ እፍኝ እፍኝ እያለች እንደሰበሰበችው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለቄሶቹና ለነዳያኑ የምታቀርበው ያንኑ ነው።

የስንዴው እኩሌታ እንደተፈጨ ከላይ ክንፍ ተርገበገበ፤ አዲስ የተጣለ እንቁላል ተንከባሎ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገባ። እጄን ሰደድኩ፤ አልደረስኩበትም። ድንጋዩ ዋጠው። ሴትዮዋ ከታች የከረጢቱን አፍ ይዛ አጎንብሳ ነበርና አላየችም። ያየነው እኔና በሩ ላይ የቆሙት ነጋዴው ነን። እንዳልናገር ዓይናቸውን አፍጥጠው ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። መፍጨቱን ቀጠልኩ። «እጅህ ይባረክ» ብላኝ ዱቄቷን አዝላ ወጣች።

«ጌታዬ» አልኳቸው፣ «ዱቄቱን ፍስክ ነክቶታል። ከጎተራዎ አንድ ስልቻ ይተኩላት፤ አሁኑኑ ፈጭቼ አደርስላታለሁ።»

«ከእኔና ከአንተ በቀር ማን አየ?» አሉኝ።

የዚያኑ ቀን ሄጄ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ብነግራት ሌላ ስንዴ ከየት ታመጣለች እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዋናው ነገር ግን እንጀራዬ ይቋረጣል ብዬ መፍራቴ ነው። ዛሬም ይህን ሳስብ ከነጋዴው ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ።

ቅዳሜ ዝክሩ እንዳበቃ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ወፍጮ ቤት ድረስ መጣች። አንዱ ለነጋዴው፣ አንዱ ለእኔ ነው። እሳቸው «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀበሉና ማላመጥ ጀመሩ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። የእኔ እጅ ግን አልዘረጋ አለኝ። እየዋሸሁ መቀበሉን እንኳ አላወቅሁበትም።

«ጾሜን ነኝ፣ እህቴ» አልኳት።

«በቅዳሜ?» አለችኝ።

ሁዳዴም ቢሆን ከቅዳም ሹር በቀር ቅዳሜ ቀን እህል ሳይቀምስ የሚውል እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። ነጋዴው እያላመጡ «ምን ያኮራሃል? የዝክር ዳቦ ይመለሳል?» ብለው በእሷ ፊት ገሠጹኝ። በዚያች ሰዓት ጉሮሯቸውን ባንቃቸው ደስ ባለኝ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ቅጠሉን ቀስ ብላ መልሳ አጠፈችው።

«ለምኜ ያመጣሁት ስለሆነ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

ነጋዴው ማላመጣቸውን አቁመው አዩኝ። «አይደለም» ብቻ አልኳት። ዳቦዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ቤት ዝር አላለችም። በደጇ ባለፍኩ ቁጥር የድንጋይ ወፍጮዋን ድምፅ እሰማ ነበር። የናቅኳት መስሏት፣ ጉልበቷ እስኪዝል ድረስ በእጇ ስትፈጭ ኖረች።